ያረጀ ቤትና የባለቤቱ ጤና

ስለ ቤት ንጽሕና በሚጻፉት ጽሑፎች ስለ ወለሉ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ መጸዳጃውና ስለ ጭሱ ብዙ ተነግሯል። ንጽሕና የጎደለው ቤት በሚኖርበት ሰው ሳንባና አንጀት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ዛሬ ተማሪዎች እንኳ ያውቁታል። ዳሩ ግን ያረጀና አስቸጋሪ የሆነ ቤት በባለቤቱ ልብና እንቅልፍ ላይ የሚያደርሰው ድካም እምብዛም አይጻፍበትም። ይህም የሆነው ነገሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለሚያፍርበት ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ታመምሁ ብሎ ይናገራል፤ የአባቱ ቤት እየዘመመ ያስጨነቀው ሰው ግን ጭንቀቱን እንደ ስንፍናው ቈጥሮ ይሸሽገዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ የተሸሸገ ጭንቀት ልናስረዳ እንወዳለን።

በቋንቋችን ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንዳይደለ አንባብያን ያውቃሉ። የአንድ አባት ልጆች ቤተ ሰብ ይባላሉ፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤታቸው ፈረሰ ይባላል፤ ሰው ልጅ ሳይተካ ሲሞት ቤቱ ተዘጋ ይባላል። እንግዲህ አንድ ሰው የአባቱ ቤት ግድግዳ ሲዘም ባየ ጊዜ የሚያየው ጭቃና እንጨት ብቻ አይደለም። ቃሉ ራሱ ከቤቱ ጋር ዘመዶቹን ሁሉ ያዘመበት ይመስለዋል። ለዚህ ነው አንድ የበሰበሰ ማገር ዋጋው ጥቂት ብር ሆኖ ሳለ ትልቅ ኀዘን የሚያመጣው።

ማንኪራን እንመልከት። ማንኪራ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የሚገኝ የጫካ አገር ነው፤ የቡና እናት ዛፍ በዚያ ይገኛል ስለሚባል ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ይጎበኙታል። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። አገሩ ዝናብ የበዛበት ነው፤ ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በቦንጋ አካባቢ በዓመት የሚወርደውም ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር የሚያሳድገው እርጥበት እንጨትንም የሚያበሰብሰው ያው እርጥበት ነው። በደረቅ ቆላ ወይም በነፋሻ ደጋ ረጅም ዘመን የሚቆም ቤት በዚህ አገር ባለቤቱን ቶሎ ቶሎ ለሥራ ይጠራዋል።

የጭቃ ቤት የሚያረጀው ከሁለት ወገን ነው፤ ከእግሩና ከራሱ። በአፈር ውስጥ የተተከለው ቋሚ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ላይ እርጥበቱንም አየሩንም ባንድነት ስለሚያገኝ ከሌላው አካሉ አስቀድሞ ይበሰብሳል። ምስጥም የሚገባው በዚሁ በኩል ነው፤ ብርሃን ስለማይወድ የአፈር መሿለኪያ እየሠራ በእንጨቱ ላይ ይወጣል፤ ውጭው ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል። ባሕር ዛፍ ለምስጥ ቶሎ ይሸነፋል፤ ጽድና ወይራ ግን ብዙ ጊዜ ይቋቋማሉ። አንዳንድ ሰዎች የቋሚውን ሥር በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል፤ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘይቱ ለቆዳም ለጕድጓድ ውኃም ደግ አይደለም።

ከራሱ በኩል ያለው እርጅና ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በጥንቱ አሠራር ምድጃው በቤቱ መካከል ስለነበረ ጭሱ በሣሩ ውስጥ እያለፈ ያደርቀው ነበር፤ ጥቀርሻውም ሣሩን ከነፍሳትና ከብስባሽ ይጠብቀው ነበር። ያው ጭስ ግን የእናቶችን ዓይን ያሳምማል፤ ለሕፃናት የሳንባ ምች ምክንያት ይሆናል፤ በአዋቂዎችም ላይ የማይድን የሳንባ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ሁሉ ማድ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ይለይ ብሎ ይመክራል፤ እኛም እንመክራለን። ነገር ግን ምድጃው ሲወጣ ሣሩ ጠባቂውን ያጣል፤ ከበፊቱም ፈጥኖ ይበሰብሳል። ይህን ያልተነገረው ባለቤት ምክሩን ተቀብሎ ምድጃውን ካወጣ በኋላ በጥቂት ዓመታት ጣሪያው ሲያፈስ ያያል፤ አባቴ ያቆመውን ቤት በእኔ ዘመን ተበላሸ ብሎም ራሱን ይወቅሳል። የተበላሸው በእርሱ ስንፍና አይደለም። ቤቱ ጭሱን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ስለነበረ ነው። ምድጃውን ያወጣ ሰው ሣሩን ከአባቱ ዘመን ይልቅ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ወይም ለቆርቆሮ መቆጠብ እንዳለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ቆርቆሮ የለበሰ ቤትም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የሚስማሩ ቀዳዳ እያደር ይሰፋል፤ በሌሊት ብርድም በቆርቆሮው ሥር ላብ እየተቋጠረ በወራጁ ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ቤቱ የሚያፈስ መስሎት ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ቀዳዳ ፈልጎ ያጣል፤ በማግሥቱ ሌሊት ጠብታው እንደገና ይሰማል። ምክንያቱ የማይታወቅ ጠብታ ምክንያቱ ከታወቀ ቀዳዳ ይልቅ ሰውን ያሰለቻል። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ማድረግ ላቡን ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንመለስ። በቦንጋ ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር አለ እንበል። አባቱ በማንኪራ ያሠራው ቤት አለው፤ እናቱ ዛሬም በዚያው ይኖራሉ። እኅቱ በጅማ፣ ወንድሙም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ይኖራል። መምህሩ በቦንጋ በኪራይ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የሚያስበው በራሱ ላይ ያለውን ጣሪያ ሳይሆን የማንኪራውን ነው። ውኃው አሁን በየትኛው ማዕዘን እየገባ ይሆን? እናቴ መኝታቸውን ከዚያ አንሥተውት ይሆን? እያለ ይገላበጣል። በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምረው ሳይተኛ ነው፤ ልጆቹም መምህራቸው ዛሬ ተቈጥቷል ይላሉ። ዝናቡ በዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ እንደሚወስድ ስናስብ የዚህ ሰው ጭንቀት የአንድ ሌሊት ነገር እንዳልሆነ እናስተውላለን።

የገንዘቡም ነገር አለ። ያረጀ ቤት ገንዘብን የሚወስደው ባንድ ጊዜ አይደለም። ዛሬ ሚስማር፣ የሚመጣው ወር ሁለት ቆርቆሮ፣ ከዚያም የመራጊ ዋጋ እያለ ይወስዳል። ባለቤቱ ብዙ ከፍሎ ሳለ የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ጎረቤትም አዲስ ነገር ስላላየ ምንም አልሠራም ብሎ ያማዋል። ሥራ ሠርቶ እንዳልሠራ መቈጠር የሰውን ልብ ከሚሰብሩት ነገሮች አንዱ ነው።

በኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከፋው የወንድማማች ነገር ነው። ቤቱ አጠገብ ያለው ልጅ ሸክሙን ይሸከማል፤ በሩቅ ያሉት ደግሞ ቤቱን በልጅነታቸው እንዳዩት አድርገው በልባቸው ይዘውታል። መምህሩ ቤቱን አፍርሰን ትንሽ ቤት እንሥራ ቢል፣ «የአባታችን ቤት እንዴት ይፈርሳል?» ይሉታል። እንጠግነው ካላችሁ እንግዲህ ገንዘብ ላኩ ቢል መልሱ ይዘገያል። በዓል ሲሆን መጥተው የዘመመውን ግድግዳ ያዩና «ምነው እንዲህ ተውከው?» ብለው ይጠይቁታል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ኀዘናቸውን የሚጥሉበት ስላጡ ነው። ነገር ግን ይህች አንዲት ጥያቄ በመምህሩ ልብ ውስጥ ከክረምቱ ዝናብ ይልቅ ረጅም ጊዜ ትቆያለች።

በከተማም ይህን የሚመስል ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ለብዙ ቤተ ሰብ የቀረው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። ያ አንድ ቤት የወላጆች ሀብት ሁሉ ሆኖ ኖረ፤ ወላጆች ሲያልፉም ለአምስትና ለስድስት ልጆች ባንድነት ወረደ። ሁሉም ባለቤት የሆኑበት ቤት ማንም የማያድሰው ቤት ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ወራሽ ውርሱ ይከፈል ብሎ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ልጆች ይህን መጠየቅ እንደ ጠብ ስለሚቈጥሩት ዝም ይባባላሉ። ቤቱም በዝምታቸው መካከል ይፈርሳል።

ስለ እፍረቱም እንናገር። በካፋ ቡና የሚጠጣው ለብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ተሰብስቦ ይጠጣል፤ የሰፈሩ ወሬና የሰፈሩ ዕርቅ የሚፈጸመውም በዚያ ነው። ግድግዳው የሻገተበትና ወለሉ ጭቃ የሆነበት ሰው ግን ጎረቤት መጥራት ይተዋል። እርሱ ካልጠራ በኋላ ሌላው ሲጠራውም መሄድ ያሳፍረዋል። እንግዶች ከባሕር ማዶ የቡናን አገር ለማየት ወደ ማንኪራ ሲመጡ፣ በዚያው የተወለደ ሰው በቤቱ ስለሚያፍር ቡናውን ለብቻው ሲጠጣ መገኘቱ የሚያሳዝን ነገር ነው። ብቻ መሆን ደግሞ ጭንቀትን ያደልባል። አንዳንዱም ከዚህ የተነሣ ወደ አረቄ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የጤና ነገር ነውን? አዎን፣ የጤና ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ለአስምና ለመተንፈሻ አካላት ሕመም እንደሚያጋልጥ አስረድቷል። የቤቱ ሁኔታ በአእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ደግሞ ከሜክሲኮ አገር ጥሩ ማስረጃ ተገኝቷል። በዚያ አገር በኮዋዊላ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ድኾች እስከ 50 ካሬ ሜትር የሚሆን ሲሚንቶ ሰጠ። ተመራማሪዎችም እነዚያን ቤቶች ይህን ዕርዳታ ካላገኙት የአጎራባች ክፍለ ሀገር ቤቶች ጋር አስተያዩ። የልጆቹ የሆድ ትልና ተቅማጥ ቀነሰ፤ ይህስ የተጠበቀ ነበር። ከዚህም ሌላ የእናቶቹ ጭንቀትና የመንፈስ ድብርት ቀንሶ ተገኘ፤ በኑሯቸውም ይበልጥ ተደሰቱ። ልብ ይባል፤ ገቢያቸው አልጨመረም፤ የተለወጠው የሚረግጡት ወለል ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቤቱ ሁሉ እስኪታደስ ሳይጠበቅ አንዱ ክፍል እንኳ በደንብ ሲሠራ ልብ እንደሚያርፍ ነው። ጭንቀቱ የሚበረታው ሥራው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ሥራው ሁሉ በአእምሮ ውስጥ ባንድነት ስለሚጮኽ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ቀን ፀሐይ ሲሆን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቤቱን ይዙረው፤ ያየውንም ይጻፍ። መምህራን ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው። የሚገድለውን፣ የሚያሳምመውንና የሚያስቀይመውን ይለይ። ምሰሶው በእጅ ሲገፋ ከሥሩ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ከሳምንት ወደ ሳምንት ይበልጥ እየዘመመ ከሄደ፣ ስንጥቁም እየሰፋ ከመጣ ይህ የሚገድል ነው፤ በዚያ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ ማደር አይገባም። እናት ወይም አባት ከቤቴ አልወጣም ቢሉም ለጊዜው ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ዘመድ እንዲዛወሩ በትሕትና ይለመኑ፤ ሽማግሌ ይላክባቸው። የሚያሳምመው የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የሻገተው ግድግዳና ሙጃሌ የሚፈላበት አቧራማ ወለል ነው። የተላጠ ቀለም፣ የጠመመ በርና የዛገ ቆርቆሮ ግን የሚያስቀይሙ ብቻ ስለሆኑ ይጠብቁ። ብዙ ሰው ገንዘቡን በመጀመሪያ የሚያወጣው እንግዳ በሚያየው ላይ ነው፤ ውኃው ግን በጓሮ በኩል ይገባል።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመው ውኃን ከቤቱ ማራቅ ነው። በላይኛው ተዳፋት በኩል ቦይ መቆፈር፣ ከግድግዳው ሥር አፈሩን ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፣ ለቆርቆሮ ቤት አሸንዳ መስቀል፣ ለሣር ቤትም ክዳኑን ከግድግዳው አርቆ ማውረድ፣ እነዚህ ሥራዎች ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት የሚጠይቁ ናቸው፤ በደቦም ሊፈጸሙ ይችላሉ። ግድግዳው ሳይደርቅ መመረግና መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለወንድማማቾቹ ነገር ደግሞ ከዝናቡ በፊት መነጋገር ይሻላል። በዝናብ ጊዜ የሚደረግ ንግግር ጠብ ይሆናል። እያንዳንዱ በዓመት የሚያዋጣው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን ተቈርጦ በጽሑፍ ይያዝ፤ አጠገብ ያለው ልጅ የሚያወጣው ጉልበትና ጊዜም እንደ መዋጮ ይቈጠርለት። ማፍረስ ከሆነ ሁሉም ይፈርሙበት፤ አንዱ ብቻውን ያፈረሰው ቤት ዕድሜ ልኩን ሲነሣበት ይኖራል።

የማፍረሱ ነገር ብዙ ሰው የሚያስፈራው ስለሆነ ጥቂት እንጨምር። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ከቀርከሃና ከእንሰት ኮባ የሚሠሩት ረጅም ቤት በአገራችን የታወቀ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቈርጡታል፤ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ምስጡን እንደ ውርደት አይቈጥሩትም፤ ቤቱን መጀመሪያ ሲሠሩት አስረዝመው ይሠሩታል እንጂ። በጃፓን አገርም በኢሴ የሚገኘው ታላቅ የእንጨት መቅደስ በየ20 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አዲስ ይሠራል፤ በ2006 ዓ.ም. የተፈጸመው ለ62ኛ ጊዜ ነው። የቦታውና የሥራው ጥንታዊነት እንዳለ ሆኖ እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሮጌው እንጨት ሲነሣም መቅደሱ ፈረሰ ብሎ የሚያለቅስ የለም። በራሳችን በካፋም የነገሥታቱ ቤተ መንግሥቶች በቦንጋና በአንድራቻ ከእንጨትና ከሣር የተሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ቆሞ የሚታይ የለም። በ1889 ዓ.ም. የተደረገው ዘመቻ ባይነካቸው ኖሮ እንኳ ሳይታደሱ ይህን ያህል ዘመን በዚህ ዝናብ ሊቆሙ ባልቻሉ ነበር። ንጉሥ ያላስቀረውን እንጨት አንድ መምህር በደመወዙ ባያስቀረው ሊነቀፍ አይገባውም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ጭንቀቱ ቤቱ ከተጠገነ በኋላም አይለቅም። አንድ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በየቀኑ ልቡ ካዘነ፣ ያስደስተው የነበረው ነገር ካላስደሰተው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተበላሸ፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ካቃተው፣ ሰውነቱም ያለ ሥራ ከደከመ፣ ይህ የመንፈስ ድብርት የሚባል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሕመሙ የሚታከም ነው። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው። ቤት ለቤት የሚዞሩትም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጸዳጃውን ጕድጓድና የማድ ቤቱን ጭስ ሲጠይቁ፣ የቤቱን ባለቤት «ሌሊት እንዴት ያድራሉ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው። ጎረቤትም ያ ሰው ቡና መጥራት ከተወ የእርሱን ጥሪ ሳይጠብቅ ራሱ ይጥራው፤ ስለ ግድግዳውም አያንሣበት።

ቤቱ እንዲፈርስ ከተወሰነ ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ይፈጸም። አሮጌው ጭቃ ሲናድ አቧራው ሻጋታና የአይጥ ኵስ ስላለበት አስቀድሞ ውኃ ይረጭበት፤ የሚያፈርሱትም አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት በዚያ ቀን ይራቁ። ከአሮጌው ቤት ደኅና ሆኖ የተገኘ ምሰሶ ወይም የበር እንጨት ቢኖር በአዲሱ ቤት ውስጥ ቢገባ ለቤተ ሰቡ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ምስጥ ወይም ነቀዝ አለበትና ለማገዶ ይዋል። የተቃጠለ ዘይት የተቀባው እንጨት ግን ጭሱ መርዛም ስለሆነ በማድ ቤት ውስጥ አይንደድ።